«ይተኙ፤ አትቀስቅሺያቸው»

ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስት ወር አልሞላኝም ነበር። ደሴ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነርስ ነበርኩ። ቤቴ ግን ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ከሠራተኛው ጋር ተጋፍቼ ሚኒባስ እይዝና ጠመዝማዛውን ዳገት እወጣለሁ። ታች በሸሚዝ ወጥቼ ላይ ስደርስ ጃኬቴን እቆልፋለሁ። ጋዋኔን እናቴ ማታ ተኩሳ፣ አጣጥፋ፣ በፌስታል አድርጋ ቦርሳዬ ውስጥ ታስቀምጥልኛለች። እሷ ሃያ ምናምን ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ፈትል ክፍል ሠርታለች። የማሽኑ ጩኸት ጆሮዋን ስላደከመው ሰው ስታናግር ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። ጎረቤት ሁሉ የሚሰማውን ያህል ጮክ ብላ «ልጄ ሐኪም ነው!» ትላለች። ነርስ ነኝ ብዬ ባርማትም አትሰማኝም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የትምህርት ክፍል ምረጡ ስንባል ዘመድ ሁሉ መካሪ ሆኖ ነበር። አጎቴ «ፋርማሲ ግባ፤ ተቀምጠህ፣ ንጹሕ ሆነህ ትሠራለህ» አለኝ። አክስቴ ላቦራቶሪን መረጠችልኝ። እኔ ግን ልቤ የነበረው ድንገተኛ ሕክምና ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ ከከተማችን መውጫ ላይ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ አይቻለሁ። አምቡላንስ ደረሰና ሁለት ሰዎች ወረዱ። መንደሩ በሙሉ ሲጮኽ እነሱ ብቻ አልጮኹም። ዝም ብለው፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ ሠሩ። ያ ዝምታ ልቤ ውስጥ ቀረ። ሰው ሲጮኽ የማይጮኽ ሰው መሆን ፈለግሁ።

በትምህርቴም ጎበዝ ነበርኩ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። «አላወቅሁም ነበር» ማለት እንደማልችል ከአሁኑ እንድታውቁት ብዬ ነው።

ዕለቱ ሰኞ ነበር፤ የደሴ ገበያ ቀን። በገበያ ቀን ድንገተኛ ክፍሉ ይሞላል። ከገጠር የመጣው ሰው ሸቀጡንም ሕመሙንም በአንድ ጉዞ ይዞ ስለሚወጣ ነው። በራችን ላይ ትሪያጅ የምንለው ጠረጴዛ አለ። እዚያ የሚቀመጠው ነርስ የሚመጣውን ሁሉ ቀድሞ እያየ ማን አሁኑኑ ይግባ፣ ማን ይቆይ የሚለውን ይለያል። ለእያንዳንዱም ባለቀለም ካርድ ይሰጣል። ቀይ ማለት ደቂቃ አይሰጥም ማለት ነው። ብርቱካንና ቢጫ በመሐል ናቸው። አረንጓዴ ደግሞ መቆየት ይችላል ማለት ነው።

ጠረጴዛው የሲስተር አልማዝ ነበር። ሲስተር አልማዝ ከእኔ ዕድሜ ጋር የሚስተካከል የሥራ ዘመን ያላት ናት። ሕመምተኛው ከበሩ እስከ ወንበሩ ሲራመድ ብቻ አይታ ሕመሙን ትገምታለች። የዚያን ዕለት ጠዋት ውስጥ ከተኙት አንዷ ሕመም ጸናባትና ሲስተር አልማዝ ተጠራች።

«ሀብታሙ፣ አንተ ተቀመጥ» አለችኝ ጓንቷን እያጠለቀች። «ከተጠራጠርክ ጥራኝ። አትፈር።»

ብቻዬን ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ጀርባዬን ቀና አድርጌ ተቀመጥኩ። መጥራት አላስፈለገኝም፤ ምክንያቱም አልተጠራጠርኩም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ አባት ልጃቸውን ተደግፈው ገቡ። ስድሳውን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ኮፍያ የደፉ ሰው ናቸው። ስማቸው ይማም ነው። ከደሴ ግርጌ ካለው ገራዶ ካሮት ጭነው፣ የገደሉን መንገድ በእግራቸው ወጥተው ነው ገበያ የገቡት። ልጃቸው ዘሀራ ትባላለች፤ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ አባባ። ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩ። ይህቺ ጨጓራዬ ናት። ልጅቷ ናት አላስቀምጥ ብላ ያመጣችኝ። እኔስ ካሮቴን በሰው ላይ ጥዬ መምጣቴ ነው የቆጨኝ።»

«ገበያው ላይ አስመለሰው» አለች ዘሀራ። «ላቡንም እየው፣ ወንድሜ። ብርድ ነው፣ እሱ ግን ያልበዋል።»

«ገደሉን ወጥቶ የማያልበው ማነው?» ብለው ሳቁ። ሲስቁ አንድ እጃቸውን ከእንብርታቸው በላይ፣ ከደረታቸው ሥር ጭነው ነበር። «እዚህ ጋ ያቃጥለኛል። በርበሬ የዋጥኩ ይመስል።»

ግፊታቸውን ለካሁ። ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። የልብ ምታቸውን ቆጠርኩ። ዘገም ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ዳገት የወጣ ገበሬ ልቡ ቢረጋ ምን ይገርማል ብዬ አለፍኩት። እጃቸውን ስይዘው ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ቅዝቃዜው እስካሁን ድረስ መዳፌ ላይ አለ።

ዕድሜው የገፋ ሰው ከደረቱ በታች ያቃጥለኛል ሲል፣ ሲያስመልሰውና ሲያልበው መጀመሪያ የሚታሰበው ጨጓራ አይደለም። ልብ ነው። ይህን አንደኛ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ። የልብ ምርመራው ማሽን ከተቀመጥኩበት ዐሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሟል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

አረንጓዴ ካርድ ሰጠኋቸው።

«ትንሽ ጋደም ልበል?» አሉኝ። ከጠረጴዛዬ አጠገብ ባለጎማ አልጋ ነበር። «ይተኙ፣ አባባ» አልኳቸው። ወጡና ተጋደሙ። ዘሀራ ጫማቸውን አውልቃ በእጇ ያዘች።

ዐሥር ደቂቃ እንኳን አልሞላም፤ በሩ በጩኸት ተከፈተ። ከኮምቦልቻ በኩል የሚመጣ ጭነት መኪና ባጃጅ ገጭቶ ነበር። የባጃጁን ሹፌር ለስምንት ተሸክመውት ገቡ። ጎረምሳ ነው፤ ቅልጥሙ ተሰብሮ አጥንቱ በሱሪው ቀዳዳ ወጥቷል፤ ደሙ ከበሩ ጀምሮ መስመር ሠርቷል። እሱ ይጮኻል፣ የተሸከሙትም ይጮኻሉ። «ሰው እየሞተ ነው! ሐኪም የለም ወይ!»

ባዶ አልጋ አልነበረም። አባባ ይማም የተኙበት ብቻ ነው በእጄ ያለው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልጋውን እፈልገዋለሁ።»

«አብሽር፣ ልጄ! ይኸው ተነሳሁ። ወጣቱን ድረስለት» አሉና ሳልደግፋቸው ወረዱ። ሦስት እርምጃ ተራምደው ግድግዳውን ያዙ። ግድግዳውን ሲይዙ አይቻለሁ። አላየሁም ብል ይቀለኝ ነበር። በክንዳቸው ይዤ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና ሮጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት ተኩል ልንገራችሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሲጮኽ እኔ አልጮህኩም። ደሙን አቆምኩ፤ ጉሉኮስ ተከልኩ፤ እግሩን ደግፌ በፋሻ ጠቀለልኩት። እጄ አልተሳሳተም። ሐኪሙ መጥቶ አየውና «ጎበዝ፣ በጥሩ ይዘኸዋል» አለኝ። በልጅነቴ ያየሁትን ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

በዚህ መሐል ዘሀራ ሦስት ጊዜ መጣች።

መጀመሪያ ከበሩ ላይ ቆማ «ወንድሜ፣ አባቴን ላቡ አልተወውም» አለችኝ። ቀና ሳልል «መጣሁ» አልኳት። አልሄድኩም።

ሁለተኛ ስትመጣ «አሁን ደግሞ ግራ እጄን ከበደኝ ይላል። እባክህ አንዴ ብቻ እየው» አለች። እጄ በደም ተነክሮ ነበር። ተናደድኩ። «እህቴ፣ ሰው እየሞተ ነው እኮ! ወረፋሽን ጠብቂ» አልኳት። ባጃጅ ነጂውን ማለቴ ነበር። እሷ አፍራ፣ ሻርፗን ወደ አፏ ስባ ተመለሰች። ለካ እውነቴን ነበር፤ ሰው እየሞተ ነበር።

ሦስተኛ የመጣችው ቀስ ብላ ነው። ፊቷ ቀለል ብሎት ነበር።

«አባዬን እንቅልፍ ወሰደው። ግድግዳውን ተደግፎ ተኛ። ልቀስቅሰው ወይስ ይተኛ?»

በዚያች ደቂቃ ፋሻ እየቆረጥኩ ነበር። ሕመሙ ጋብ ብሎላቸዋል ማለት ነው ብዬም ደስ አለኝ።

«ይተኙ፤ አትቀስቅሺያቸው» አልኳት።

«እሺ» ብላ ሄደች።

ስድስት ሰዓት አልፎ አዛን ሲባል ባጃጅ ነጂውን ወደ ላይኛው ፎቅ አስወጥተነው እጄን እታጠብ ነበር። ከኮሪደሩ የዘሀራ ድምፅ ተሰማኝ። «አባዬ፣ አዛን ብሏል፤ ተነስ።» ደገመችው፤ «አባዬ፣ ዙህር ደርሷል።» በሦስተኛው የጠራችው በሌላ ድምፅ ነው። ቧንቧውን ሳልዘጋ ወጣሁ።

ገና ሳልነካቸው አወቅሁ። አንስተን ወለሉ ላይ አስተኛናቸውና ተንበርክኬ ደረታቸውን መጫን ጀመርኩ። «ቀይ! ቀይ!» እያልኩ ጮህኩ። አዎ፣ እኔ ጮህኩ። ሲስተር አልማዝ ሮጣ መጣች፣ ሐኪሙ መጣ፣ መድኃኒት ተሰጠ። የጎድን አጥንታቸው ከመዳፌ ሥር ሲሰበር ተሰማኝ። ሌላ ሰው ልተካህ ሲለኝ አይሆንም አልኩ። ላቤ ከግንባሬ እየወረደ ነጭ ሸሚዛቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። የቱን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ሐኪሙ ትከሻዬን ያዘና «በቃ፣ ሀብታሙ። በቃ፣ ልጄ» አለኝ።

ዘሀራ ሁሉንም ቆማ አይታለች። አላለቀሰችም። የአባቷን ጫማ አሁንም በእጇ እንደያዘች አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«ለፋህ፣ ወንድሜ» አለችኝ። «አይቻለሁ። ለአባቴ እንደ ልጅ ነው የታገልክለት። አላህ ይክፈልህ።»

ከተንበረከክሁበት ተነሳሁ።

ከዚያ ሐኪሙ የሞት ማስረጃውን ሊጽፍ ተቀመጠና «ሲገቡ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «ጨጓራ ያመኛል ብለው ነው የመጡት። ቢጫ ነበር የሰጠኋቸው» አልኩት። ቢጫ የተሰጠው ሕመምተኛ በየመሐሉ ተመልሶ መታየት አለበት። ካርዱን ለማምጣት ሄድኩና አረንጓዴውን ቀድጄ ኪሴ ከተትኩ። ቢጫ አወጣሁ። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የለካሁ አስመስዬ፣ ያልለካሁትን ግፊት፣ ያልቆጠርኩትን የልብ ምት ከነሰዓቱ ሞላሁ። ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ነው ያለኝ።

ሐኪሙ አየውና «የልብ ነገር እንዲህ ነው፤ ድንገት ይወስዳል። ራስህን አታስጨንቅ» አለኝ። ሲስተር አልማዝ ካርዱን ትንሽ ቆየት ብላ አየችው። ቀና ብላም እኔን አየች። ካርዱን መልሳ አስቀመጠችው።

በዚያው ቀን ወስደው ቀበሯቸው። እኔ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እናቴ «ዛሬ ስንት ሰው አዳንክ?» አለችኝ፤ ሁልጊዜ እንደምትለው፣ ጮክ ብላ። «አንድ» አልኳት። ባጃጅ ነጂውን ማለቴ ነው።

ሁለት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ገራዶ ወረድኩ። ለምን እንደሄድኩ ለራሴ የነገርኩት ለቅሶ ልደርስ ነው ብዬ ነው። ልናገር እንደምሄድ ግን አውቅ ነበር።

ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ ከሸራ ሥር ተቀምጠው ቁርኣን ይቀራሉ። ዘሀራ ከሩቅ አየችኝና መጣች። እጄን ይዛ እናቷ ዘንድ፣ ወደ ቤት አስገባችኝ።

«እማ፣ ይሄ ነው። ለአባዬ የታገለለት ሐኪም ይሄ ነው።»

እማማ ፋጡማ ከተቀመጡበት ሊነሱ ሞከሩ። እንዳይነሱ ብዬ ተንበረከክሁ። ሁለት እጄን ይዘው መዳፌን ሳሙት። ደረታቸውን የሰበርኩበትን መዳፍ።

«ይማምን በዚህ እጅህ ነው ልትመልሰው የለፋህ? ዘሀራ ነገረችኝ። ሰው ሆስፒታል ሄዶ የሚያየው አጥቶ ሞተ ሲባል ነው የምሰማው። የኔ ይማም ግን ሐኪም እላዩ ላይ እያላበ ነው የሞተው። አልሐምዱሊላህ። አብሽር፣ ልጄ፣ አታልቅስ። ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው ነው።»

እያለቀስኩ እንደሆነ ያወቅሁት እሳቸው ሲሉኝ ነው። ከቤት ስወጣ ሸራው ሥር ከነበሩት አንድ ሽማግሌ ዱዓ አደረጉልኝ። እጄን እንዲባርከው፣ ዕድሜዬን እንዲያረዝመው። ሰዉ ሁሉ «አሚን» አለ። ቦታ ለቀቁልኝ። ሩዝ አቀረቡልኝ። በላሁ። ያንን ሩዝ እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም።

ስነሳ ዘሀራ እስከ መንገዱ ልሸኝህ ብላ ተከተለችኝ። በካሮት ማሳው መሐል፣ የመስኖውን ቦይ ይዘን ሄድን። ከፊሉ ካሮት ገና አልተነቀለም ነበር። ቆምኩ።

«ዘሀራ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

«ንገረኛ።»

«አባትሽ ሲገቡ የልብ ማሽን ላይ ላያቸው ይገባ ነበር። ማሽኑ እዚያው ነበር። አላየኋቸውም። ጨጓራ ነው ብዬ አስቀመጥኳቸው።»

«ጨጓራ ነው ያለህ እሱ ነው እኮ።»

«እሳቸው ቢሉ አይፈረድባቸውም። እኔ ግን ተምሬዋለሁ። ላባቸውን ነግረሽኝ ነበር። እጃቸው እንደከበዳቸውም ነግረሽኝ ነበር። አልሰማሁሽም። ከዚያም ካርዱን ቀየርኩት። ያልለካሁትን ለካሁ ብዬ ጻፍኩ።»

ፊቷን ወደ ማሳው አዞረች።

«ቢታይ ይድን ነበር?»

«አላውቅም። ላይድኑም ይችሉ ነበር። ግን አላውቅም።»

«እንቅልፍ ወሰደው ስልህ…»

«ምናልባት እንቅልፍ አልነበረም።»

ቦዩ ዳር ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ብቀሰቅሰው አይነቃም ነበር ማለት ነው። ካልነቃ ደግሞ እጮህ ነበር። ብጮህ ትመጣ ነበር?»

«እመጣ ነበር።»

«እኔ እኮ እግሩ ሥር ተቀምጬ ነበር» አለች፤ የምታወራው ለእኔ አይመስልም። «በኮሪደሩ የሚያልፉትን ሰዎች ቀስ በሉ፣ አባቴ ተኝቷል እላቸው ነበር። አንዷ ልጇ ሲያለቅስባት ተቆጣኋት። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። ጥሩ እንቅልፍ ወሰደው ብዬ።»

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ለምንድን ነው የነገርከኝ?»

«እውነቱን ማወቅ ይገባሻል ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ነው? ወላሂ በል።»

ወላሂ ማለት አልቻልኩም።

«ሦስት ቀን ተኝቼ አድሬያለሁ» አለች። «አልቅሼ፣ ግን ተኝቼ። የምንችለውን አድርገናል፣ የቀረው የአላህ ነው ብዬ። አሁን አንተ ተናግረህ ቀለለህ፤ እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ ስቀሰቅሰው ላድር ነው።»

«ዘሀራ…»

«አውፍ በይኝ አትበለኝ። አውፍ የሚለው ባለሐቁ ነው። ባለሐቁ አባዬ ነው፤ እሱን አፈር አልብሰነዋል። እኔ ማንን ወክዬ ነው ይቅር የምልህ?» ተነሳችና ቀሚሷን አራገፈች። «ለእማ እንዳትነግራት። የታገለለት ሰው ነበር ብላ ነው ራሷን የያዘችው። እሷ እንኳ ትተኛ።»

ወደ ቤቱ ተመለሰች። እስከ መንገዱ አልሸኘችኝም።

በማግሥቱ ለሲስተር አልማዝ ሁሉንም ነገርኳት፤ የቀደድኩትን አረንጓዴ ካርድም ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። «ካርዱን ሳይ አውቄ ነበር» አለችኝ። «አንተ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት። ባትመጣ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም።» አብራኝ ኃላፊው ዘንድ ገባች። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ለወራት ከትሪያጅ ጠረጴዛ ታግጄ ካርድ ክፍል ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ቆየሁ። ቅጣቱ ቀላል ነበር። ሰው እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ ይህን ያህል ብቻ ሲቀጣ ደስ የሚለው ይመስላችኋል? እኔን ግን ባዶ ቦታ ላይ የተውኝ ያህል ተሰማኝ።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ፣ የጤና ትምህርት ልትመርጡ የምታስቡ ልጆች ትኖሩ ይሆናል። ግቡ ወይም አትግቡ አልላችሁም፤ እኔ ራሴ አሁንም እዚያው ነኝ። ሌላ ሥራ አስቤ ነበር፤ ግን ይህን የሚያህል ነገር ጥሎ መውጣት ሁለተኛ ማምለጥ መሰለኝ። የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስትማሩ እንዴት ሰው እንደሚድን ያስተምሯችኋል። በእጃችሁ የሞተ ሰው ልጅ «አላህ ይክፈልህ» ስትላችሁ ምን እንደሚደረግ የሚያስተምር አስተማሪ ግን አላገኘሁም። ደግሞም ደም ይጮኻል፣ የተሰበረ አጥንት ይጮኻል፤ «እኔ ልቆይ፣ ወጣቱን ድረስለት» የሚል ሰው ግን አይጮኽም። ዛሬ ጨጓራዬን የሚል ሽማግሌ ከመጣ ሳልጠይቅ ማሽን ላይ አስተኛዋለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ማሽኑ በሚያወጣው ወረቀት ብዛት ይቀልዱብኛል። አንዳንዱን በዚህ አትርፌ ይሆናል። አባባ ይማምን ግን አይመልስልኝም። ከእሳቸው በፊት በነበሩት ሁለት ወራት ስንቱን ቀላል ነው ብዬ እንዳለፍኩትም አላውቅም። ማንም ተመልሶ አልነገረኝም።

ስለ መናገሬም ብዙ አስባለሁ። ለኃላፊዎቼ መናገሬ ግዴታ ነበር። ለዘሀራ የነገርኳት ግን ለእሷ አልነበረም። ከብዶኝ ነበር፤ ሸክሙን በለቅሶዋ መሐል አምጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። ባልነግራት ደግሞ የተመረቀ ውሸታም ሆኜ እኖር ነበር። የቱ እንደሚሻል እናንተ ካወቃችሁ ጥሩ። እኔ እስካሁን አላወቅሁም።

ባለፈው ክረምት ትሪያጅ ላይ ተቀምጬ ሳለ እማማ ፋጡማ ሳል ጠንቶባቸው፣ ዘሀራ ደግፋቸው ገቡ። እሳቸው ገና ከበሩ አወቁኝ።

«አንተ ነህ እንዴ፣ ልጄ! የይማም ሐኪም! አላህ አንተ ላይ ጣለኝ፤ ከእንግዲህ ድኛለሁ።»

ግፊታቸውን ልለካ እጄን ስዘረጋ ዘሀራ የእናቷን ክንድ ያዘች።

«ሌላ ሰው ይይልን» አለች፤ በጣም ቀስ ብላ።

«ምነው፣ አንቺ? ከሱ የተሻለ ከየት ይመጣል?» አሉ እናቷ ግራ ተጋብተው። ዘሀራ አልመለሰችም። መመለስ አትችልም። እኔም አልችልም።

ተነስቼ ሲስተር አልማዝን ጠራሁና ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቶ ስለነበር ድምፃቸው ይሰማኛል። እማማ ፋጡማ በሳል መሐል እየተቆራረጡ ለሲስተር አልማዝ ያወሩላት ነበር፤ የባላቸውን ነፍስ ሊመልስ እንዴት እንደታገልኩ፣ ላቤ እንዴት እንደወረደ፣ ልክ ዐይናቸው ያየው ያህል። ሲስተር አልማዝ አላቋረጠቻቸውም። መርቀውኝ ሲጨርሱ «አሜን፣ እማማ። እስቲ እጅዎን ይስጡኝ» አለቻቸው።

ዘሀራ ከእናቷ ኋላ ቆማ ነበር። ፊቷን ወደ በሩ አላዞረችም።